የዱፓንን ካርታ በኮምፔንሳቶ፦ የዘጠኝ ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

ሥራው ይሄ ነው። ሻርል ዱፓን በ1826 ያወጣውን የፈረንሳይ የትምህርት ካርታ በኮምፔንሳቶ ቆርጬ፣ አውራጃ በአውራጃ ቀለም ቀብቼ ግድግዳ ላይ መስቀል እፈልጋለሁ። የሚሰቀለው ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን አማርኛና ሂሳብ በሚማሩበት ክፍል ነው። የምኖረው ፓሪስ ነው። ማታ ማታ የእንጨት ሥራ ኮርስ ስላለኝ መጋዙን እዛ እጠቀማለሁ። እዚህ የምጽፈው ዓመተ ምህረት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ካርታው ምን ያሳያል? ዱፓን እያንዳንዱን ዲፓርትማ፣ ማለትም የፈረንሳይን አውራጃ ወሰደ። ትምህርት ቤት ለገባ አንድ ወንድ ልጅ ስንት ነዋሪ ይደርሳል ብሎ አሰላ። ከዚያ ብዙ ተማሪ ያለበትን ነጭ፣ ጥቂት ያለበትን ጥቁር አደረገው። በመሃል ያለው ሁሉ ግራጫ ነው። በኮሮና ጊዜ በየዜናው ያየናቸው የቀለም ካርታዎች የዚህ ልጆች ናቸው። በዚህ መንገድ ከተሠሩና ከሚታወቁ ካርታዎች ይሄ የመጀመሪያው ነው።

መጠኑን ወሰንኩ፦ 1 ኪሎ ሜትር በ1 ሚሊ ሜትር። ፈረንሳይ ከሰሜን ደቡብ ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሆነች ካርታው አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለሂሳብም ይቀላል፤ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው።

የገዛሁት፦ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ 60 በ120፣ ሁለት ሉህ፣ 28 ዩሮ። ለቀጭኑ መጋዝ ምላጭ 9 ዩሮ። የወሰን መስመሩን በኤ3 ወረቀት አሳትሜ በስኮች አገጣጠምኩት፣ 8 ዩሮ። እስካሁን 45።

ሳምንት 2

ትልቅ ስህተት ሠራሁ። ወሰኖቹን ከኢንተርኔት ሳወርድ የዛሬዎቹን ነው ያወረድኩት። ወረቀቱን እንጨቱ ላይ ለጥፌ የደቡብ ምሥራቁንና የፓሪስን ዙሪያ ቆርጬ ጨረስኩ። ከዚያ ቁጥር ለመስጠት ስቆጥር 96 ሆኑ። በዱፓን ጊዜ የነበሩት 86 ናቸው።

አሥሩ የት ሄዱ? ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ፈታሁት። ሳቩዋና ኦት ሳቩዋ በ1826 የፈረንሳይ አልነበሩም፤ የገቡት በ1860 ነው። የኒስ አካባቢም እንደዚያው፤ ስለዚህ አልፕ ማሪቲም ይወጣል። ግን የዚህ አውራጃ ምዕራባዊ ክፍል፣ ግራስ፣ ድሮ የቫር ነበረ፤ ለቫር መመለስ አለበት። ሦስት ቀነሰ፣ 93። ኮርሲካ ዛሬ ሁለት ነው፣ ያኔ አንድ፤ 92። ፓሪስና ዙሪያዋ ዛሬ ስምንት አውራጃ ነው። ያኔ ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ሴን፣ ሴን ኤ ዋዝ እና ሴን ኤ ማርን። 87። የመጨረሻው ቤልፎር ነው። ከ1871 በፊት የኦ ራን አካል ነበር። 86።

በሰሜን ምሥራቅ ያለውን የሎሬንን አንድ ክፍል ሳልነካው ቀርቼ ነበር፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ልክ ይመጣል። ያኔም ሁለት፣ ዛሬም ሁለት። ወሰኑ ግን ሌላ ነው። ድሮ ሞዜልና መርት ነበሩ። ጀርመን በ1871 ከሁለቱም ስትወስድ የተረፈው ተገጣጥሞ መርት ኤ ሞዜል ሆነ። የቁጥሩ መግጠም ሊያሳስተኝ ነበር። ካርታ ለሚሠራ ሰው የምለው፣ ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ ቅርጹንም አስተያዩ።

የቆረጥኩት ተጣለ። አንድ ሉህ እንደገና፣ 14 ዩሮ።

ሳምንት 3 እና 4

መቁረጥ ብቻ። ምላጭ ሦስት ሰበርኩ። ሦስቱም የተሰበሩት በፈረንሳይ ሰሜን ምዕራብ ባለው ብሪታኒ ላይ ነው፤ የባህር ዳርቻው እንደ መጋዝ ጥርስ የተቦጫጨቀ ነው። መስመሩን አለዘብኩት። ከሦስት ሚሊ ሜትር ያነሰ ጉብታ ሁሉ ወጣ።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነበር። ክፍሎቹን ለየብቻ ቆርጬ ስገጥማቸው በመሃላቸው ክፍተት ይቀራል። ምላጩ ራሱ የሚበላው እንጨት አለ። አንዱ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ሌላው ላይ ግማሽ፣ ከላይ እስከ ታች ሲደመር ፈረንሳይ ትላላለች። ኮርሱ ላይ አብረውን የሚመጡ፣ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት በአናጢነት የሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። አይተው፣ «ልጄ፣ ጎረቤታሞችን ለየብቻ አትቁረጥ። መስመሩ የሁለቱም ነው፤ አንዴ ቁረጠው» አሉኝ። ትክክል ናቸው። መጀመሪያ አገሪቱን በስድስት ትላልቅ ቁራጭ አወጣሁ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ከውስጥ ከፈልኩ። አንድ ቁርጥ ለሁለት ጎረቤት። ክፍተቱ አንድ ወጥ ሆነ፣ ለዓይንም ወሰን መሰለ።

ብርጭቆ ወረቀት 5 ዩሮ። ጠርዙን ብዙ አትፈግፍጉ፤ እኔ ሎዜር የሚባለውን አውራጃ ከልክ በላይ ፈግፍጌ ልል ሆኖ በስቱኮ ሞላሁት።

ትንሿን የሴን አውራጃ በእጄ ይዤ ብዙ አየኋት። አምስት ካሬ ሴንቲ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ዋና ከተማዋ ግን ፓሪስ ነች። በ1821 ቆጠራ ከ800 ሺህ ሰው በላይ ይኖርባታል። ሎዜር አሥር እጥፍ ትሰፋለች፣ ያላት ሰው ግን ከ140 ሺህ በታች ነው። ሎዜር ስትጠቁር ግድግዳው ላይ የጎላ ጥቁር ይታያል። ሴን ብትነጣ ማንም አያያትም። ይሄ ችግር ዛሬም በምርጫ ካርታ ላይ አለ። በእንጨት ስትሠራው ግን በክብደት ይገባሃል።

ሳምንት 5

ቀለም። ነጭና ጥቁር አክሪሊክ፣ 17 ዩሮ። ሰባት ደረጃ ለመሥራት አሰብኩ። የካርታውን ቅጂ ከፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የዲጂታል ስብስብ አውርጄ፣ ጥቁረቱን በዓይን እያየሁ እያንዳንዱን አውራጃ ከሰባቱ አንዱ ውስጥ አስገባሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ጥቁሩን በእኩል ልዩነት ነው የጨመርኩት፤ አንድ ስድስተኛ፣ ሁለት ስድስተኛ እያልኩ። ለዓይን ግን እኩል አይደለም። ነጭ ላይ ትንሽ ጥቁር ሲገባ ቶሎ ይጠቁራል፤ ግማሽ በግማሽ የሆነው ጥቁር ነው የሚመስለው። ሰባት ደረጃ ብዬ የሠራሁት አንድ ነጭ፣ ሁለት ግራጫና አራት ጥቁር ሆነ።

የመድኃኒት መርፌ ገዛሁ፣ ያለ መርፌው፣ 2 ዩሮ። 20 ሚሊ ሊትር ነጭ ላይ ጥቁሩን በግማሽ ሚሊ ሊትር እየጨመርኩ ቁራጭ እንጨት ላይ ቀባሁ። ሲደርቅ ደግሞ ይጠቁራል፤ እርጥቡን አይቶ መወሰን አይቻልም። ለእያንዳንዱ ማታ ቀብቶ ጠዋት ማየት ነው። አራት ቀን ፈጀ። በዚህ ምክንያት ሌላ ነጭ ቀለም፣ 8 ዩሮ።

ሳምንት 6

በዚህ ሳምንት እንጨት አልነካሁም። ስለ ሰውየው አነበብኩ፣ ቅዳሜም ያስተምርበት ወደነበረው ቦታ ሄድኩ።

ዱፓን የተወለደው በ1784 ኒየቭር አውራጃ ውስጥ፣ ቫርዚ በምትባል ከተማ ነው። በ1801 ኤኮል ፖሊቴክኒክ የሚባለው የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ገባ። መምህሩ ታላቁ የጂኦሜትሪ ሰው ሞንዥ ነበር። ገና ተማሪ ሳለ ዛሬም በስሙ የሚጠራ ቅርጽ አገኘ፤ ቀለበት የሚመስል፣ አንዱ ጎኑ የወፈረ፣ ሌላው የቀጠነ። የባህር ኃይል መሐንዲስ ሆኖ መርከብ ሠራ፤ ኮርፉ ደሴት ላይ ቆየ፣ ቱሎን ላይ የባህር ኃይል ሙዚየም አቋቋመ። ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ ከ1816 ጀምሮ እንግሊዝ አገር እየተመላለሰ ወደቡን፣ መንገዱን፣ ፋብሪካውን መረመረ። አገሬ ለምን ወደ ኋላ ቀረች የሚለው ጥያቄ ከዚያ ጉዞ በኋላ አልለቀቀውም ብዬ አምናለሁ። ካርታውም መልስ ፍለጋ ነው።

በ1819 በፓሪስ የኪነ ጥበብና የሙያ ኮንሰርቫቷር፣ ማለትም በቴክኒክ ማስተማሪያው ተቋም፣ ሦስት የመምህርነት ወንበር ተከፈተ። ኬሚስትሪውን ክሌማን፣ የኢንዱስትሪ ኢኮኖሚውን ዣን ባቲስት ሴይ፣ መካኒኩን ዱፓን ያዙ። ዱፓን ለሠራተኞች ጂኦሜትሪ ያስተምር ነበር፤ አናጢ፣ ድንጋይ ጠራቢ፣ አንጥረኛ ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ ይመጣል። ካርታውንም በኖቬምበር 1826 ያቀረበው እዚያው፣ ለተማሪዎቹ ነው። ሕንጻው ዛሬም አለ። የሳን ማርተን ገዳም የነበረው ነው፣ አሁን ሙዚየሙ እዛ ነው። እኔም ማታ እንጨት የምማር ሰው ስለሆንኩ ግቢው ውስጥ ቆሜ ደስ አለኝ።

ቤት ስመለስ አንድ ነገር መሞከር ፈለግሁ። ዱፓን ለምን «ለአንድ ተማሪ ስንት ነዋሪ» አለ? ዛሬ ቢሆን «ከመቶ ነዋሪ ስንት ተማሪ» እንላለን። አንድ ነገር ነው ብዬ ነበር። አይደለም። ኤክሴል ላይ አምስት አውራጃ አሰብኩ፤ ለአንድ ተማሪ 10፣ 20፣ 50፣ 100 እና 200 ነዋሪ ያላቸው። ጥቁረቱን በነዋሪ ቁጥር ልክ ሳደርገው 10 እና 20 ሁለቱም ነጭ ሆኑ፣ 50ም ፈዛዛ ነው። 100 እና 200 ግን በጣም ይለያያሉ። ሲገለበጥ ከመቶ 10፣ 5፣ 2፣ 1 እና ግማሽ ይሆናል። አሁን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተራራቁ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ሆኑ።

መረጃው አንድ ነው፣ ካርታው ግን ሁለት። በዱፓን ምርጫ ደህናዎቹ በአንድ ነጭ ይቀልጣሉ፤ ወደ ኋላ በቀሩት መካከል ያለው ልዩነት ይጎላል። የእኔን ሰባት ደረጃ በዚህ መሠረት አስተካከልኩት። ሁለቱን የሙከራ ቁራጮች ለልጆቹ አስቀምጫለሁ፤ ከካርታው ሁሉ የበለጠ የሚያስተምሩት እነሱ ይመስሉኛል።

አንድ ማረሚያም ልጻፍ። ብዙ ቦታ «የመሃይምነት ካርታ» ይባላል። ማንበብ የሚችለውን አልቆጠረም። የቆጠረው ትምህርት ቤት ያለውን ልጅ ነው። ቤቱ ፊደል የቆጠረ ልጅ እዚህ ካርታ ላይ የለም።

ሳምንት 7

መሠረቱ ሰሌዳ ኤምዲኤፍ (ተጨምቆ የተሠራ የእንጨት ጣውላ)፣ 22 ዩሮ። ኮላ 6 ዩሮ። ከመሃል ጀምሬ ወደ ዳር ለጠፍኩ። ከዳር ከጀመራችሁ ስህተቱ መሃል ላይ ይጠራቀማል፣ የመጨረሻው ቁራጭ አይገባም። በሞርሳ መያዝ ስለማይቻል መጽሐፍ ደርድሬ አሳደርኩት።

ከዚያ ክሩ። በዱፓን ጽሑፍ ፈረንሳይ ለሁለት ትከፈላለች፣ በሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ካለችው ሳን ማሎ እስከ ጄኔቭ በሚሄድ መስመር። ሳን ማሎ ላይ አንድ ምስማር፣ ጄኔቭ ላይ አንድ፤ ጄኔቭ ስዊዘርላንድ ስለሆነች ምስማሯ ባዶው ሰሌዳ ላይ ነው። ቀይ ክር ወጠርኩ። ከላይ 32 አውራጃ፣ 13 ሚሊዮን ሰው፣ ከ740 ሺህ በላይ ተማሪ። ከታች 54 አውራጃ፣ 18 ሚሊዮን ሰው፣ ወደ 376 ሺህ ተማሪ። አካፍሉት። ሰሜን ለአንድ ተማሪ 17 ወይም 18 ሰው ነው፣ ደቡብ 48።

ክሩን ሳየው ግን ወሰን አይከተልም፣ አንዳንዱን አውራጃ መሃል ለመሃል ይቆርጠዋል። አውራጃውን ለማን ትሰጣለህ? አንድ ሰው መወሰን አለበት። ወረቀት ላይ ሲነበብ ንጹሕ የሚመስለው 32 እና 54 ከበስተጀርባው እንዲህ ያለ ውሳኔ አለበት። ክሩን ትቼዋለሁ፣ ግን የሚቆርጣቸው ላይ ምንም ምልክት አልጨመርኩም። ልጆቹ ራሳቸው ያግኙት።

ዱፓን በዚህ አላቆመም። በ1827 ስለ ፈረንሳይ አምራች ኃይል በጻፈው መጽሐፍ ሰሜኑና ደቡቡን በሀብትና በፈጠራም አወዳደረ። ደቡቦች ተቆጡ፤ አገራችሁ ጥቁር ነው ሲባል ማን ይወዳል? የሚደንቀው ግን በዚያው በ1827 ፓርላማ ሲገባ የመረጠው ታርን ነው። ታርን ከክሩ በታች፣ ደቡብ ውስጥ ነው።

ትምህርት ሲበዛ ሁሉ ነገር ይሻሻላል የሚለው ሐሳቡም ቶሎ ተፈተነ። በ1829 የጂኦግራፊ ሰው ባልቢና ጠበቃው ገሪ ሦስት ካርታ ጎን ለጎን አወጡ፦ በሰው ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ በንብረት ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ ትምህርት። ብዙ በተማረው ሰሜን የንብረት ወንጀሉ ከፍ ብሎ ተገኘ። የዱፓንን መንገድ ይዘው የዱፓንን ድምዳሜ ጠየቁ። እኔ ይሄን እንደ ሽንፈቱ አላየውም። መንገዱ ጥሩ ባይሆን ኖሮ ለመከራከሪያም አይጠቅምም ነበር።

ሳምንት 8

ሳይደርቅ፣ ቫርኒሽም ሳይቀባ ለልጆቹ አሳየኋቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማብራሪያውን አንብባ፣ «ጋሼ፣ የሴቶቹ የት አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። አልተቆጠሩም። ማብራሪያው ላይ «ተማሪ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ፍቄ «ወንድ ተማሪ ብቻ» አልኩት። ከታች አንድ መስመር ጨመርኩ፦ በ1833 የወጣው ሕግ እያንዳንዱ ኮሚዩን፣ ማለትም ትንሹ የአስተዳደር ክፍል፣ የወንዶች ትምህርት ቤት እንዲኖረው አዘዘ፤ ከ800 ሰው በላይ ያላቸው ኮሚዩኖች ለሴቶችም እንዲከፍቱ የታዘዙት በ1850 ነው።

ልጆቹ በጣም የወደዱት ስለ ፋብሪካ የነገርኳቸውን ነው። ዱፓን በ1834 የባህር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ ነበር፤ ካቢኔው ወዲያው ስለፈረሰ ፈረንሳዮች የሦስት ቀን ሚኒስቴር ይሉታል። ከሚኒስትርነቱ የሚበልጥብኝ ሥራው ሌላ ነው። በ1837 የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆነ። እዚያ የልጆች የጉልበት ሥራ ሕግ ሲቀርብ የኮሚሽኑን ሪፖርት ያቀረበው እሱ ነው። ሕጉ በማርች 22፣ 1841 ወጣ። ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ፋብሪካ አይገባም። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት በቀን ስምንት ሰዓት፣ ከዚያ እስከ አሥራ ስድስት አሥራ ሁለት ሰዓት። ከአሥራ ሦስት በታች የሌሊት ሥራ የለም።

ክፍሉ ዝም አለ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ያሉ ልጆች ናቸው። «ስምንት ሰዓት የተሻሻለው ነው?» አለ አንዱ። አዎ፣ የተሻሻለው ነው። ደግሞ ሕጉ የሚመለከተው ማሽን ወይም የማያቋርጥ እሳት ያለባቸውን ወይም ከሃያ ሠራተኛ በላይ የያዙትን ብቻ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹም ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ስለነበሩ ብዙ ቦታ ሳይከበር ቀረ።

ሳምንት 9

ይሄን ሳምንት መጻፍ ከበደኝ።

ስለ ላይኛው ምክር ቤት ሥራው ሳነብ ማርቲኒክ መጣች፤ በካሪቢያን ባህር ያለች የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የነበረች ደሴት ናት። ዱፓን በፓሪስ የማርቲኒክ ቅኝ ሰፋሪዎች ወኪል ነበር፤ የቅኝ ግዛት ወኪሎች ምክር ቤትም ሊቀ መንበር። ባርነትን ለማስቀረት የሚቀርበውን ሐሳብ ሁሉ ተቃወመ። የስኳር እርሻ ባለቤቶችን ጥቅም፣ ማለትም የባሪያ ባለቤቶችን ጥቅም ይከላከል ነበር። ከስምንት ዓመት በታች ያለውን ልጅ ከፋብሪካ ያወጣው ሰው እርሻው ላይ ያለውን የባሪያ ልጅ ልክ እንደ ሌሎቹ ልጆች አልቆጠረውም። በጣም አናደደኝ። የሚያስተምርበትን ኮንሰርቫቷር የመሠረተው ካህኑ አቤ ግሬጓር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ባርነትን የታገለ ሰው ነው። ስለዚህ ዘመኑ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ በዚያው ግቢ ሌላ መንገድ የመረጠ ነበር። ባርነት በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች የቀረው በኤፕሪል 1848 ነው።

ሥራውን ልተወው አሰብኩ፣ ሁለት ቀን አልነካሁትም። ከዚያ ማርቲኒክን ቆረጥኩ። ከትርፉ ኮምፔንሳቶ፣ በዚያው መጠን፤ ስፋቷ 11 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ1826 የፈረንሳይ ነበረች፣ ዱፓን ካርታ ላይ ግን የለችም። ከኮርሲካ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ለጠፍኳት። ምን ቀለም? ዱፓን ቁጥር ስላልሰጣት ከሰባቱ አንዱን መስጠት ውሸት ይሆናል። ሳልቀባ ተውኳት፣ ቫርኒሽ ብቻ። ማብራሪያው ላይ ከላይ የጻፍኩትን ባጭሩ ጻፍኩ፣ የግሬጓርንም ስም።

ቫርኒሹ ከኮርሱ የተረፈ ነው፣ ምንም አላወጣሁም። አንድ ጥንቃቄ፦ ጥቁሩ ላይ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ስትቀቡ መብራት ያበራበታል፣ ከጎን ሲታይ ነጭ ይመስላል። ለእንዲህ ያለ ካርታ ይሄ ትልቅ ጥፋት ነው። የማያንጸባርቀውን ነው የሚያስፈልገው። እኔ በሁለት አውራጃ ላይ ሞክሬ አየሁና በብርጭቆ ወረቀት አንስቼ እንደገና ቀባኋቸው።

ሂሳቡ፦ የመጀመሪያው 45፣ ተጨማሪ ኮምፔንሳቶ 14፣ ቀለም 17 እና 8፣ መርፌ 2፣ ብርጭቆ ወረቀት 5፣ ኤምዲኤፍ 22፣ ኮላ 6። ድምር 119 ዩሮ። የዛሬውን ወሰን ባላወርድ 14ቱ ይቀር ነበር።

ዛሬ ሰቀልነው። ክብደቱን ለመያዝ አራት ብሎን ገባ፤ ቀዳዳውን አናጢው ጋሼ በመሰርሰሪያ ቀደዱልኝ። የላይኛው ግራ ጥግ ከግድግዳው በሁለት ሚሊ ሜትር ተነስቷል፣ ኤምዲኤፉ ትንሽ ተጣሟል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከኋላው ጣውላ አስገባለታለሁ።

ልጅቷ ደግሞ ሌላ ሥራ ሰጥታኛለች። የዛሬዎቹን የክፍሉን ልጆች፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ ከየትኛው ሰፈር እንደሚመጡ ቆጥራ በወረቀት ካርታ ጀምራለች። ሰፈሩን ልጆቹን በቀጥታ እየጠየቀች ነው፤ እስካሁን አሥራ አንዱን መዝግባለች። ግራጫው ቀለም ተርፎኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሦስት ብልቃጥ አለ።